ስለ ጨውና ስለ ውኃ ጠባይ

በማዕዳችን ላይ ከሚቀርበው ነገር ሁሉ እንደ ጨው የተከበረ፥ እንደ ጨውም የተናቀ የለም። የተከበረ መሆኑን ለማስረዳት አሞሌ በአገራችን ገበያ እንደ ገንዘብ ሲመነዘር የኖረበትን ዘመን ማስታወስ ይበቃል። የተናቀ መሆኑን የሚያስረዳው ደግሞ፥ ጨው ከውኃ ከገባ በኋላ «ሟሟ» ብለን ነገሩን ከመተው በቀር፥ ወዴት እንደ ሄደና በውኃውም ላይ ምን እንዳደረገበት የምንጠይቅ ጥቂቶች መሆናችን ነው። ልጆች ግን ይጠይቃሉ። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን፥ አባትና እናት ለሚጠይቃቸው ልጅ የሚመልሱት እንዲያገኙ፥ ሊቃውንት መርምረው የደረሱበትን በአጭሩ እናቀርባለን። ነገሩም ለጨዋታ ብቻ የሚሆን አይደለም፤ አንዱ ጨው ከሌላው ጨው ጋር እንደማይተካከል አለማወቅ፥ ወደ ፊት እንደምናስረዳው፥ በታመመ ሰው ማዕድ ላይ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ውኃ ራሱ ምን እንደ ሆነ መመልከት ያስፈልጋል። ውኃ ሞለኪውል ከሚባሉ እጅግ ረቂቅ ቅንጣቶች የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱም ሞለኪውል አንድ ኦክሲጅንና ሁለት ሃይድሮጅን ተጣምረው የሆኑት ነው። ኦክሲጅኑ ባለበት ወገን ጥቂት ኔጋቲቭ፥ ሃይድሮጅኖቹ ባሉበት ወገን ጥቂት ፖዚቲቭ የሆነ የኤሌክትሪክ ጠባይ ስላለው፥ የአንዱ ሞለኪውል ሃይድሮጅን የሌላውን ኦክሲጅን ይስባል። ይህ መሳሳብ የሃይድሮጅን ማሰሪያ ይባላል። አንድ ሞለኪውል በዚህ ዓይነት ከአራት ጎረቤቶች ጋር ሊያያዝ ይችላል። በበረዶ ውስጥ አራቱም ማሰሪያዎች ጸንተው ስለሚቆሙ፥ መካከሉ ክፍት ሆኖ እንደ ማር እንጀራ ያለ ሥራ ይሠራል፤ በረዶ ከውኃ ቀልሎ በላዩ የሚንሳፈፈውም ስለዚህ ነው።

በፈሳሹ ውኃ ግን ማሰሪያው አይጸናም። ሞለኪውሎቹ ይያያዛሉ፥ ይላቀቃሉ፥ ደግሞ ሌላውን ይይዛሉ። አንዱ ማሰሪያ የሚቆይበት ጊዜ አንድ ፒኮሴኮንድ ያህል ነው፤ ይኸውም አንድ ሴኮንድ ለአንድ ሺህ ቢሊዮን ሲከፈል የሚደርሰው ድርሻ ነው። እንግዲህ ስለ ውኃ አሠራር ስንናገር፥ እንደ ቤት ግድግዳ ቆሞ የሚኖር ነገር ማለታችን አይደለም። ሰዉ ያለማቋረጥ እየተላወሰ፥ ከኮረብታ ላይ ሲመለከቱት ግን አንድ መልክ ያለው እንደ ሆነ እንደ ገበያ ሕዝብ ነው። በ1895 የሰውን አጥንት ለማየት የሚያገለግለውን ጨረር ያገኘው ሮንትገን፥ ከዚያ ሦስት ዓመት አስቀድሞ፥ በፈሳሽ ውኃ ውስጥ የበረዶ ሞለኪውሎች ተደባልቀው ይኖራሉ የሚል አሳብ ጽፎ ነበር። አሳቡ እንዳለ ሳይጸና ቢቀርም፥ ጥያቄው እስከ ዛሬ ሰውን ሲያደክም ይኖራል።

አሁን ወደ ጨው እንመለስ። የገበታ ጨው ሶዲየምና ክሎሪን እየተፈራረቁ በመስመር ተሰልፈው የቆሙበት ድንጋይ ነው። ሶዲየሙ አንድ ኤሌክትሮን ስላጣ ፖዚቲቭ፥ ክሎሪኑ ያንኑ ኤሌክትሮን ስለ ወሰደ ኔጋቲቭ ሆኖአል፤ እንደዚህ ያለውም ቅንጣት አዮን ይባላል። ድንጋዩ ከውኃ ሲገባ የውኃው ሞለኪውሎች ሶዲየሙን በኦክሲጅናቸው፥ ክሎሪኑን በሃይድሮጅናቸው ወገን ከብበው፥ ከመስመሩ እየፈለቀቁ ያወጡአቸዋል። ጨው ጠፋ የምንለው በዚህ ጊዜ ነው። ነገር ግን አልጠፋም፤ እያንዳንዱ አዮን እንደ ጥንቱ መኰንን አጃቢዎቹን አስከትሎ በውኃው ውስጥ ይዞራል። ሶዲየም አምስት ወይም ስድስት፥ ክሎሪንም ስድስት ያህል የውኃ አጃቢ አለው።

አጃቢ የሆነ ውኃ እንደ ልቡ ከጎረቤቶቹ ጋር መያያዝ አይችልም። ፊቱን ወደ ጌታው ማዞር ግድ ይሆንበታል፥ ተጠግቶም ይቆማል። ይህን መጠጋጋት ማንም ሰው በቤቱ፥ ጥሩ ሚዛንና ሚሊ ሊትር የሚያሳይ መስፈሪያ ካለው፥ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። 100 ሚሊ ሊትር ውኃ ይስፈር፤ 25 ግራም ጨው ይመዝን። የጨዉ ድንጋይ ብቻውን፥ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው አየር ሳይቈጠር፥ ከ11 ሚሊ ሊትር ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ ሁለቱ ሲደመሩ 112 ሚሊ ሊትር ያህል መሆን ነበረባቸው። ጨዉ ፈጽሞ ሟሙቶ ሲሰፈር ግን 109 ያህል ሆኖ ይገኛል። ሦስቱ ሚሊ ሊትር ከመስፈሪያው የወጣ ወይም የተነነ አይደለም፤ ውኃው በአዮኖቹ ዙሪያ ተጠጋግቶ ስለ ቆመ ቀድሞ ይዞት የነበረው ስፍራ ጠበበ።

እግረ መንገዳችንን ስለ ወጥ ቤት አንድ ቃል እንናገር። ብዙ ሰዎች ጨው የገባበት ውኃ እጅግ ግሎ ስለሚፈላ እህል ቶሎ ያበስላል ይላሉ። እውነት ነው፥ ጨው የውኃውን መፍያ ከፍ ያደርገዋል፤ ነገር ግን በአንድ ሊትር ውኃ 58 ግራም ጨው ቢጨመር የሚበልጠው አንድ ዲግሪ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ወጥ የሚበላ የለምና፥ ጨውን ለጣዕሙ መጨመር ይበቃል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገበታ ጨው ነው። ጨው ግን ብዙ ወገን ነው፤ ዋናው ቁም ነገርም ያለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ፕዋዜይ የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም ደም በቀጭን ሥር ውስጥ እንዴት እንደሚፈስስ ለማወቅ ብሎ ልዩ ልዩ ፈሳሾችን በእጅግ ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ እያሳለፈ ይመረምር ነበር። በ1847 ባሳተመው ጽሑፍ፥ አንዳንዱ ጨው የውኃውን መፍሰስ ሲያዘገየው ሌላው ግን እንደሚያፈጥነው አስታወቀ። ነገሩን ላስተዋለው የሚያስደንቅ ነው። ጠላ ሲወፍር አዝግሞ እንደሚቀዳ፥ ማንኛውም ነገር የተጨመረበት ውኃ ከጥሩ ውኃ ይልቅ ይወፍራል ብሎ ሰው ሁሉ ያስባልና። ድንጋይ ሟሙቶበት ከጥሩ ውኃ ይልቅ የሚቀጥን ውኃ አለ ቢባል ማን ያምናል? ሆኖም እንዲሁ ነው። በ1929 ጆንስና ዶል የሚባሉ ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት በአሜሪካ፥ እያንዳንዱ ጨው ውኃን የሚያወፍርበትን ወይም የሚያቀጥንበትን መጠን በቍጥር የሚገልጽ ስሌት አወጡ። በዚህ ስሌት የገበታ ጨው ከሚያወፍሩት ወገን ነው። ወንድሙ ፖታሲየም ክሎራይድ፥ መልኩ ነጭ፥ ጣዕሙም ጨው ሲሆን፥ በተራ ሙቀት ውኃውን እጅግ በጥቂቱ ያቀጥነዋል።

ምክንያቱ የአዮኑ ስፋትና የተሸከመው ኤሌክትሪክ ብዛት ነው። ሶዲየም ታናሽ ስለ ሆነ ኤሌክትሪኩ በጠባብ ስፍራ ተሰብስቦ ይገኛል፥ አጃቢዎቹንም አጥብቆ ይይዛል። ፖታሲየም ያንኑ ያህል ኤሌክትሪክ ቢኖረውም ገላው ሰፊ ነው፥ መያዣውም የላላ ነው። ሲዚየምና አዮዲን እንደዚህ ባለው ላይ የባሱ ናቸው፤ አጃቢዎቻቸው ከራሱ ከውኃው ጎረቤት ይልቅ በቀላሉ ይለቁአቸዋል፤ ስለዚህ ሲዚየም አዮዳይድ በሟሟበት ውኃ ውስጥ የውኃው ሞለኪውሎች በጥሩ ውኃ ውስጥ ከሚዘዋወሩት ይልቅ ፈጥነው ይዘዋወራሉ።

የመያዣውን ልዩነት በጊዜ ብንለካው ይበልጥ ግልጥ ይሆናል። አንድ የውኃ ሞለኪውል በሶዲየም ዙሪያ የሚቆየው ጥቂት አሥር ፒኮሴኮንድ ነው። ማግኒዚየም እጥፍ ኤሌክትሪክ ያለውና ገላው ትንሽ የሆነ አዮን ስለ ሆነ፥ ስድስቱን አጃቢዎቹን ለሴኮንድ ሚሊዮንኛ አንድ ወይም ሁለት ያህል ጊዜ ይዞ ያቆያቸዋል፤ ይህ ለእኛ ምንም ያልሆነ ጊዜ፥ በሶዲየም ዘንድ ካለው ከአሥር ሺህ እጥፍ ይበልጣል። አሉሚኒየም አንድ ሴኮንድ ያህል ይዞ ያቆያል። ክሮሚየም ግን ቀናት ያቆያል። እንግዲህ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ አንዱ ጌታ አጃቢውን ሳይለቅ ሌላው የለወጣቸው አጃቢዎች ቍጥር በሰው አፍ ተነግሮ የሚያልቅ አይደለም።

የአጃቢ ነገር ከተነሣ ዘንድ፥ ጌታው ከአጃቢዎቹ ወዲያ ባሉት ላይ ሥልጣን አለው ወይ? ቃሉ የሚሰማው በእልፍኙ ላሉት ብቻ ነው ወይስ በውጭ ደጅ ለሚጠኑትም ይደርሳል? ስለ ውኃና ስለ ጨው ከተደረጉት ክርክሮች ሁሉ የከረረው ይህ ነው።

በርናልና ፋውለር በ1933 ባወጡት ታላቅ ጽሑፍ፥ አዮን ውኃውን እንደ ሞቀ ወይም እንደ ቀዘቀዘ ያህል አሠራሩን ይለውጠዋል ብለው አስበው ነበር። ከዚያ በኋላ ጨዎችን «ሥርዓት ሠሪ» እና «ሥርዓት አፍራሽ» ብሎ በሁለት መክፈል የተለመደ ሆነ። በ1957 ፍራንክና ዌን የሚባሉት በአዮኑ ዙሪያ ሦስት ክልል ሣሉ፤ በቅርብ የታሰሩት አጃቢዎች፥ በሩቅ እንደ ቀድሞው ያለው ውኃ፥ በሁለቱም መካከል የሁለቱን ትእዛዝ ለመፈጸም ሲል ሥርዓቱን ያጣ ውኃ። ሥዕሉ መልካም ነው፥ በየትምህርት ቤቱም ሲነገር ኖሮአል። ነገር ግን በ2003 በአምስተርዳም የሚሠሩ ሊቃውንት፥ ከፒኮሴኮንድ የሚያጥር የብርሃን ብልጭታ በጨው ውኃ ላይ እየላኩ የሞለኪውሎቹን መዞር ለኩ፤ ከመጀመሪያዎቹ አጃቢዎች ወዲያ ያለው ውኃ ልክ እንደ ጥሩ ውኃ ሲዞር አገኙት። ከሠሪውም ከአፍራሹም ብዙው ሥራ ስም ብቻ ሆኖ ቀረ። ከእነዚሁ ሊቃውንት ወገን በ2010 የወጣው ሥራ ደግሞ፥ እንደ ማግኒዚየም ሰልፌት ባለው ጨው ሁለቱም አዮኖች ብርቱ ሲሆኑ፥ ተባብረው ከእልፍኛቸው ውጭ ያለውንም ውኃ እንደሚያስሩ አሳየ። ስለ ግፊትም እንደዚሁ ሆነ። በ1995 የጨው ሥራ ውኃን በታላቅ ኃይል እንደ መጫን ያህል ነው ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ በ2022 የታተመው ምርመራ ግን ጨው ማሟሟትና ውኃን መጫን አንድ አይደሉም አለ።

እኛ ይህን ሁሉ አንብበን የምንፈርደው፥ የተራ ጨው ሥልጣን ከእልፍኙ ብዙ አያልፍም ለሚሉት ነው። የውኃው ሁሉ ጠባይ የሚለወጠው የአዮን ቃል ሩቅ ስለሚሰማ ሳይሆን፥ ጨው ሲበዛ እልፍኝ ያልገባ ውኃ እያነሰ ስለሚሄድ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። በባሕር ውኃ ለእያንዳንዱ አዮን ከአርባ የሚበልጡ የውኃ ሞለኪውሎች ይደርሱታል፤ ስለዚህ አብዛኛው ውኃ ነጻ ነው። ጨው ከዚያ በላይ አልሟሟ እስኪል ድረስ በተጨመረበት ውኃ ግን ለአንዱ አዮን ከአራት ተኩል አይበልጥም፤ ነጻ ውኃ የለም፥ እንዲያውም አንዱን አጃቢ ሁለት ጌቶች ይካፈሉታል።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ለመጨመር እንወዳለን። በዘመናችን በልዩ ልዩ አገር፥ ልዩ ጨው ጨምረንበታል ወይም በመሣሪያ አሳልፈነዋል፥ ሥርዓት ያለው ውኃ ነው፥ ደዌ ይፈውሳል እያሉ በጠርሙስ የሚሸጡ ነጋዴዎች ተነሥተዋል። የውኃ ማሰሪያ በፒኮሴኮንድ የሚፈርስ መሆኑን ከላይ ተናግረናል። እንዲህ ያለው ሥርዓት ከፋብሪካ እስከ ገዢው ቤት ቀርቶ ከጠርሙሱ አፍ እስከ ብርጭቆው አይደርስም፤ ለዚህ የሚወጣውም ብር የባከነ ነው።

ጨዎች በማዕረግ እንደሚለያዩ አስቀድሞ በግልጥ ያሳየው ግን ዕንቍላል ነው። በፕራግ ከተማ ያስተምር የነበረው ሆፍማይስተር፥ በ1888 በዕንቍላል ነጭ ውኃ ላይ ልዩ ልዩ ጨው እየጨመረ፥ የትኛው ጨው በስንት መጠን ነጩን ከውኃው ለይቶ እንደሚያዘቅጠው ሞከረ። ጨዎቹም በተራ ሊሰለፉ ቻሉ፤ ሰልፌት በጥቂቱ ያዘቅጣል፥ ክሎራይድ ብዙ ይፈልጋል፥ ከዚያ ወዲያ ያሉት ይልቁንም ነጩ ሟሙቶ እንዲቆይ ይረዳሉ። ለመቶ ዓመት ያህል ይህ ሁሉ የውኃው ሥርዓት መለወጥ ነው ተብሎ ይተረጐም ነበር። ዛሬ የሚበልጡት ሊቃውንት አዮኖቹ ራሳቸው የዕንቍላሉን አካል መንካታቸውን ወይም መራቃቸውን ዋና ምክንያት ያደርጋሉ።

በባሕር ላይ ያለው የጨው ሥራ ከዚህ ይበልጥ ያልተከራከሩበት ነው። የጣፋጭ ውኃ ሐይቅ በብርድ አገር ሲቀዘቅዝ፥ ውኃው ከሁሉ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ስለ ሆነ፥ ከዚያ የበረደው በላይ ተንሳፍፎ በረዶ ይሆናል፥ ዓሣዎቹም ከሥሩ ይተርፋሉ። የጨው አዮኖች ግን እንደ ማር እንጀራ ያለውን ክፍት ሥራ ስለሚከለክሉ፥ በአንድ ኪሎ ውኃ ውስጥ 25 ግራም ያህል ጨው ሲገባ ይህ ልዩ ጠባይ ይጠፋል። 35 ግራም ያለበት ባሕር ከዜሮ በታች 1.9 ዲግሪ ደርሶ እስኪረጋ ድረስ በበረደ መጠን እየከበደ ወደ ታች ይወርዳል።

ከባሕር ወደ ገላችን እንምጣ፤ የሶዲየምና የፖታሲየም ልዩነት የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ነውና። ደማችን ሶዲየም ይበዛዋል፥ የሰውነታችን ሴሎች ውስጥ ግን ፖታሲየም ይበዛል። የነርቭና የልብ ሥራ የሚካሄደው ሁለቱ በየራሳቸው በር ሲገቡና ሲወጡ ነው። ሮደሪክ ማኪነን በ1998 የፖታሲየሙን በር አሠራር አሳይቶ በ2003 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። በሩ እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ አዮኑ አጃቢዎቹን በደጅ ትቶ መግባት አለበት፤ በውስጥ የተሰለፉት ኦክሲጅኖች በአጃቢዎቹ ፈንታ ፖታሲየምን ልክ እንደ ለመደው ይቀበሉታል። ሶዲየም ቢመጣ ታናሽ ስለ ሆነ ኦክሲጅኖቹ በሚገባ አይደርሱበትም፤ አጥብቆ የያዛቸውንም አጃቢዎች ያለ ምትክ መልቀቅ አይሆንለትም። ስለዚህ በሩ በሶዲየም ፈንታ ፖታሲየምን ከሺህ እጥፍ በላይ አስበልጦ ያሳልፋል።

እንግዲህ ከላይ ስለ ማዕድ የተናገርነው አደጋ ይህ ነው። የደም ግፊት ላለባቸው ሰዎች ሶዲየሙ በከፊል በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ጨው በገበያ ይገኛል። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበላ ይመክራል፤ በ2025 ደግሞ ይህን ምትክ ጨው ለአዋቂዎች ሲፈቅድ፥ ለልጆች፥ ለነፍሰ ጡሮችና ኵላሊታቸው ለደከመ ሰዎች ግን ምክሩ እንደማይሆን ለይቶ አስታውቆአል። የደከመ ኵላሊት ፖታሲየምን ማስወጣት አይችልም፤ በደም ውስጥ ሲከማችም የልብን ምት ያናጋል፥ እስከ ማቆምም ያደርሳል። በዓይንና በምላስ የማይለይ ነጭ ዱቄት ነውና፥ የቤት እመቤቶች ሐኪም ሳይጠይቁ ለታመመ ሰው ወጥ እንዳያደርጉት አደራ እንላለን። ዕቃውም ከገበታው ጨው ተለይቶ ጽሑፍ ይለጠፍበት።

ክረምት ሲገባ ጨው በየማሰሮው ለምን እንደሚረጥብ የሚጠይቁም አሉ። ጥሩ የገበታ ጨው አየሩ እጅግ ካልረጠበ በቀር ውኃ አይስብም። የሚስበው አብሮት የሚገኘው ማግኒዚየም ክሎራይድ ነው፤ ውኃን አጥብቆ የመያዝ ጠባዩን ቀደም ብለን አይተናል፥ እንፋሎቱን ከአየር ነጥቆ ይሟሟበታል።

ይህ ጠባይ በሙሉ ኃይሉ የሚታይበት አገር ከእኛው ዘንድ በአፋር በደናክል ቈላ፥ ከባሕር ወለል ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ባለው ስፍራ ነው። በዚያ ጋኤታሌ የሚባል ኵሬ አለ፤ በ2017 በታተመው ምርመራ ከመቶው 43.3 እጅ ጨው ሆኖ ስለ ተገኘ፥ በዓለም ከታወቁት ውኃዎች ሁሉ ጨው የበዛበት ተባለ። ጨዉ በብዛት የካልሲየምና የማግኒዚየም ክሎራይድ ነው። ስንሰላው ለአንዱ አዮን ሦስት የውኃ ሞለኪውል እንኳ አይደርሰውም፤ ውኃውም ሲነኩት እንደ ዘይት የሚያዳልጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያው ቈላ አሞሌ የሚቈረጥበት የአሳሌ ሐይቅ የገበታ ጨው የሞላበት ሲሆን፥ በ2019 የመረመሩት ሊቃውንት ጨው የሚወዱ ልዩ ልዩ ረቂቅ ፍጥረታትን በውስጡ አግኝተዋል። ማግኒዚየም በበዛባቸውና በዳሎል ብርቱ አሲድ ባለባቸው ኵሬዎች ግን እነዚሁ ሰዎች ምንም ሕያው ነገር አላገኘንም ብለው ጻፉ፤ ሌሎች በዚያው ዓመት ከዳሎል በቀዱት ናሙና ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ፍጥረታት አገኘን ብለው አሳተሙ።